የማያንጠባጥበው ስንጥቅ

የወጥ ቤቴ የጋዝ ቱቦ ጠንክሮ፣ ስጠመዝዘው እንደ ደረቅ ቅጠል ስለተንኮሻኮሸብኝ አዲስ ልገዛ ወጣሁ። አልፈነዳም፣ አልሸተተም። እኔ ግን ፈሪ ነኝ። በሬን ቆልፌ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ የምገፋ፣ የጎረቤት ልጅ ሲያስል «ደረቱን ሸፍኑለት» ብዬ በአጥር የምጮህ ሴት ነኝ። ቤተሰቤ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለልጆቼና ለልጅ ልጆቼ እፈራለሁ።

ጎማና ቱቦ የሚሸጥበት ሱቅ ስገባ ሳላስበው ታላቅ ወንድሜን አገኘሁት። ያረጁ ካላማዳሪዎች፣ የመኪና ጎማ ውስጥ የሚገቡ ላስቲኮች፣ የታጨቁበት በርሜል ላይ አጎንብሶ፣ አንዱን እየሳበ ሌላውን እየጣለ ይመርጣል።

«ጋሼ! አንተን ደግሞ እዚህ ምን አመጣህ?»

«ለሙሽራዬ መቀነት እየመረጥኩላት ነው» ብሎ ሳቀ።

ሙሽራዬ የሚላት አውሮፕላኑን ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያም መስኮትም የሌላት፣ ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ የተሰቀለ ትንሽ አውሮፕላን ናት። የፍራፍሬ እርሻ ላላቸው ሰዎች የተባይ መድኃኒት እየረጨ ዕድሜውን የገፋባት ስለሆነ፣ የሰፈሩ ሰው ካፒቴኑ ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

«ምኗን ነው የምታስርላት?»

«እንቁላሏ አንገቷ ላይ ትንሽ ተሰነጠቀች። ጠበቅ አድርጌ ከጠመጠምኩላት ገና ብዙ ታገለግለኛለች።»

እንቁላሏን እኔም አውቃታለሁ። ከነዳጅ ታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መካከል የገባች፣ መዳፍ የምትሞላ ጥቁር ጎማ ናት። አውሮፕላኗ ቆማ ስትሰነብት በቱቦው ውስጥ የነበረው ቤንዚን ወደ ታንኩ ይመለሳል። ስለዚህ ገመዱን ስቦ ሞተሩን ከማስነሣት በፊት፣ ቤንዚኑ ሽቅብ እንዲመጣ እንቁላሏን ደጋግሞ መጭመቅ ግድ ነው። ሲሞላ እጅ ላይ ትጠነክራለች። ከተነሣ በኋላ ሞተሩ ራሱ በእሷ በኩል እየሳበ ይጠጣል።

«መቼ ልትበር ነው?» አልኩት።

«ቅዳሜ። ብቻዬን እንዳይመስልሽ፤ የልጅ ልጅሽን ይዣት ነው የምወጣው። ለምና ለምና እሺ አልኳት።»

ድንጋጤዬ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም። ባለሱቁ ፈጥኖ በርጩማ አቀረበልኝ።

ምክንያቱን ለማያውቅ ልንገር። የልጅቷ አባት፣ ማለትም የበኩር ልጄ፣ በጎረምሳነቱ በዚህችው አውሮፕላን ወድቋል። መሬት ለቆ ገና ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ጠፋበትና የመስኖ ቦይ ላይ አረፈ። የአውሮፕላኗ ጎማዎች ተሰበሩ፤ የእሱም እግር ተሰበረ። ነፍሱ ተረፈች፤ አረማመዱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ወንድሜ ያን ጊዜ ሞተሩን መረመረና «ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ልጁ ቤንዚን አብዝቶ አነቀው። እጁ ድንጋይ ነው» ብሎ ፈረደ። ቃሏ ከአፉ ወጥታ ከተማውን ዞረች። ልጄ እጀ ድንጋይ ተባለ። የሞተር ድምፅ ሲሰማ እንደ ዘፈን ጆሮውን የሚያቀና ልጅ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ የመጋዘን መስኮት ላይ ተቀምጦ ለሰው ዕቃ ሲያድል ይኸው ጠጉሩ ሸበተ። ሞተር ያጠናችው ሴት ልጁ ናት፤ ዘንድሮ ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቃ እኔ ዘንድ ተቀምጣለች።

ባለሱቁ ቱቦዬን እየጠቀለለ፣ «እማማ ሳያፈስ ይቀይራሉ፤ ካፒቴኑ የተሰነጠቀውን ያስራሉ። የአንድ እናት ልጆች ናችሁ ቢሉኝ ማን ያምናል?» አለ።

«እሷ ጥላዋንም ትቀይር ነበር፣ የሚሸጥ ቢኖር» አለ ወንድሜ። ካላማዳሪውን አስቆርጦ ወጣ። እኔም አውሮፕላኗ ዘንድ የምትውለውን ልጅ ልከለክላት ተከተልኩት።

አውሮፕላኗ የምታድረው ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለ የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ነው። በግድግዳው ላይ መፍቻዎች እንደ ቁመታቸው ተሰቅለዋል፤ ብሎኖቹ በተቆረጡ የወተት ጣሳዎች ተለይተዋል። ወንድሜ ንጹሕ ሰው ነው፤ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ዕቃ የሚወድ ሰው ነው፤ ከመውደዱ ብዛት አሮጌ ነገር መጣል አይሆንለትም። የልጅ ልጄ መቀመጫው አጠገብ ቆማ በጨርቅ አቧራ ታራግፋለች። አባቷን ትመስላለች፤ ያ መምሰሏ ነው የሚያስፈራኝ።

«አያትዬ! አንቺም መጣሽ? ቅዳሜ ሳይደርስ?»

«ቅዳሜ የሚባል ቀን የለም! ውረጂ ከዚያ!»

«ገና አልወጣሁም እኮ።»

«አትወጪም!»

ወንድሜ ሳቀ፤ እሷ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗ በእጁ በያዘው ቁራጭ ላይ ዐረፈ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ጎማ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለእንቁላሏ። ልጠመጥምላት ነው።»

«ባትጠመጥሟት ይሻል ነበር። ብትቀየር ነው የሚሻላት።»

«ይኸው ጀመረች፣ የኔ ሊቅ!» አለና ጎማውን አስቀመጠ። «ነይ እዚህ። ልጄ፣ መማርሽ ጥሩ ነው፤ እኔም አጨብጭቤልሻለሁ። አሁን ግን በዓይንሽ እዪ። ይኸው ጨመቅኳት። ጠነከረች?»

«ጠነከረች።»

«ከሥሯ እጅሽን አድርጊ። ጠብታ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆነች ነው የምትይኝ? የሚያፈስ ያፈስሳል፤ የማያፈስ አያፈስስም። ይህን ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም።»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለእኔም ልክ መሰለኝ። የደረቀ ነገር ደኅና ነው ብለን ነው ያደግነው። ጣሪያም ሆነ ማሰሮ፣ የማያንጠባጥብ ከሆነ ማን ይነካዋል? ልጅቷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአክብሮት መለሰች።

«አባባ፣ ስንጥቁ ያለው ከታንኩ በሚመጣው በኩል ነው። ሲጨምቋት ውስጧ ያለው ክዳን ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋል፤ የእጅዎ ጉልበት ስንጥቁ ዘንድ አይደርስም። ታንኩም ከታች ስለሆነ ቤንዚኑ በራሱ አይወጣም። እንግዲህ ምን ይንጠባጠብ?»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!»

«ሞተሩ መሳብ ሲጀምር ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ስንጥቅ ቤንዚን አይወጣም፤ አየር ነው የሚገባው። አየር ደግሞ አይንጠባጠብም፤ መሬት ላይ ምልክት አይተውም።»

«ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። የማያስወጣ አያስገባም።»

ልጅቷ ከምሳ ዕቃዋ አጠገብ የነበረውን የጁስ ጠርሙስ አነሣች። በመጠጫ ቱቦው ላይ፣ ከጁሱ ከፍ ብሎ፣ በመርፌ ወጋችና ሰጠችው። «ጠብታ አለ?»

«የለም» አለ እየተጠራጠረ።

«እስቲ ቀስ ብለው ይምጠጡ።»

መጠጠ፤ ጁሱ መጣ። «ይኸው ይመጣል!»

«አሁን በኃይል፣ ሳያቋርጡ።»

ጉንጮቹ ጎደጎዱ፤ ቱቦው ጉንፋን እንደያዘው ልጅ አፍንጫ ፉር ፉር እያለ በጁሱ ፈንታ አየር አመጣ። ወንድሜ ትን ብሎት አሳለ፤ እኔም ደነገጥኩና ጀርባውን መታሁት።

«ተይኝ አንቺ!» አለኝ። ወደ እሷም ዞሮ፣ «ሞተር ጁስ አይጠጣም። የሕፃን ጨዋታ ነው» አላት።

«ሞተርም ብዙ የሚጠጣው ሽቅብ ሲወጣ ነው፣ አባባ። በዝግታ ሲሠራ ጥቂት ስለሚበቃው ስንጥቁ አይታወቅም። ሙሉ ጉልበት ሲሰጡት ግን በኃይል ይስባል፤ በኃይል ሲስብ ስንጥቁ ይሰፋል። ካላማዳሪ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። እስሩ ስንጥቁን ከዓይንዎ ይደብቀዋል እንጂ አይደፍነውም።»

ወንድሜ ጠርሙሱን መልሶ ሰጣት። የተሸነፈ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከሁሉ የከበደውን ማስረጃ እያመጣ ኖሯል።

«እሺ፣ እኔም ልናገር» አለ። «አባትሽ የወደቀ ቀን ቦዩ ዘንድ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። እሱን ወደ ሐኪም ካስወሰድኩ በኋላ ሞተሩን በእጄ መረመርኩ። እንቁላሏን ጨመቅኳት፤ ጠነከረች። ገመዱን ሳብኩ፤ በአንድ ጉተታ ተነሣ። ጤነኛ ሞተር ነው እሱ ዘንድ የጠፋው። ይህ የእጅ ጥፋት ካልሆነ ምንድን ነው?»

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። በቤታችን ስለዚያ ቀን አይወራም።

«አባቴም እንዲህ ብሎ ነው የሚጨርሰው» አለች ቀስ ብላ። «ምን ሆኖ ነው የጠፋብህ ስለው፣ "እንጃ፤ ካፒቴኑ በአንድ ጉተታ አስነሥተዋታል" ይለኛል። ሌላ ቃል የለውም።»

«ይኸውልሽ!»

«እንግዲያው አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ከእንቁላሏ ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ውስጡ በሚታይ ልቀይረው። አውሮፕላኗን ከምሰሶው ጋር አስረን ሙሉ ጉልበት እንስጣት። ካልጠፋች ቅዳሜ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ አብሬዎት እወጣለሁ።»

«ምን አልሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«ከጠፋችስ?» አለ እሱ፣ እኔን እንዳልሰማ።

«ከጠፋች እንቀይራታለን።»

«እሰሪያት» አለ።

ካላማዳሪውን እሱ ራሱ ጠመጠመላት፤ እንደ ቁስል ፋሻ ቆንጆ አድርጎ። ልጅቷ ቱቦውን አስገባች፤ የአውሮፕላኗን ጅራት በብረት ገመድ ከሲሚንቶ ምሰሶው ጋር አሰሩ። እኔን ከፕሮፔለሩ አርቀው ግድግዳ ሥር አቆሙኝ፤ ባያርቁኝም ራሴ እርቅ ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። በዝግታ ሲሠራ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስላሳ ነበር፤ ወንድሜ «አየሽ?» በሚል ዓይን ገረመመኝ። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ገፋው። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ የጡብ አቧራ ተነሣ። ልጅቷ በጣቷ ቱቦውን አመለከተችው። በቢጫው ቤንዚን ውስጥ አንዲት ትንሽ የአየር ኳስ አለፈች። ሌላ ተከተለቻት። ጥቂት ቆይቶ እንደ ዶቃ ተያይዘው ይሮጡ ጀመር። ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ደገመ፣ ከዚያ ጭጭ አለ።

ወንድሜ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። እጁ ማሰብ ሳያስፈልገው ሄዶ እንቁላሏን ጨመቀ፤ ጠነከረች። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ በአንድ ጉተታ ተነሣ።

«አየሽ! ጤነኛ ሞ...» አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

አጠፋው። ገመዱን እንደያዘ ቆመ።

«እሱ ያን ቀን ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ ሽቅብ እየወጣ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ ያስነሣሁት መሬት ላይ ነው። ጨምቄ ሞልቼ።»

«አዎ።»

«እንቁላሏ ያን ጊዜም ታስራ ነበር። እኔ ነኝ ያሰርኳት። አታፈስም ብዬ፣ ከቁም ነገር እንኳ አልቆጠርኩትም።» ካላማዳሪውን ይፈታ ጀመር። «ከእኔ በላይ ይህችን አውሮፕላን የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። እውነትም የለም። ታዲያ ያን ልጅ ማን ይከራከርለት?»

እኔ እናቱ ነኝ። ልጮህበት፣ ደረቱን ልመታው ፈልጌ ነበር። ሳየው ግን ወንድሜ በአንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኗል። ሙሽራዬ የሚላትን ክንፍ ተደግፎ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የአባቷን ቁጥር እንድትደውልለት ለልጅቷ ሰጣት። መነጽሩ ጉም ሆኖበት ነበር።

«አጎቴ?» አለ የልጄ ድምፅ ከስልኩ፣ እየደነገጠ። «በደኅና ነው? እማዬ ምን ሆነች?»

«እናትህ ደኅና ናት። እኔ ነኝ ደኅና ያልሆንኩት። ልጄ... ጥፋቱ የእጅህ አልነበረም። የእንቁላሏ አንገት ተሰንጥቆ አየር ይስብ ነበር። ያሰርኳትም እኔ ነኝ፤ ስምህን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። አሁን ልጅህ አሳየችኝ።»



«እኔ እኮ አምኜ ነበር፣ አጎቴ» አለ ልጄ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር። «ልጄ ብስክሌት ስትለምድ ፍሬኑ ላልቶባት ነበር። መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ጎረቤት ለምኜ ነው ያስጠበቅኩላት። በእጄ ነክቼው ብትወድቅስ ብዬ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጎረቤት ታስታውሰዋለች።

ያ ቅዳሜ ሳይበር አለፈ። ወንድሜ እንቁላሏን ብቻ አይደለም፣ ከታንኩ እስከ ካርቡራተሩ ያለውን ቱቦ ሁሉ አስቀየረ፤ ቤንዚን የሚችል ቱቦ፣ በትክክለኛው ፋሸታ፣ ቱቦ በሚያጣብቀው የብረት ቀለበት፣ የጠበቀ። አሁን መድኃኒት የመርጨት ወራት ከመግባቱ በፊት ሁሉንም በአዲስ ይተካል፤ አፈሰሰ አላፈሰሰ አይጠይቅም። በየሳምንቱ ቱቦውን እጥፍ ዘርጋ አድርጎ ያየዋል፤ የጠነከረ፣ የቢጫ መልክ ያመጣ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ያነሣዋል። ለረጅም ጊዜ የምትቆም ከሆነ ቤንዚኑን ያስወጣል፤ የተኛ ቤንዚን ጎማውን ይበላዋልና። አዲስ ነገር ካስገባ በኋላ ከምሰሶው ጋር አስሮ፣ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ፣ ቱቦው ውስጥ አየር አለመኖሩን ሳያይ ከመሬት አይነሣም። ካላማዳሪ ወደዚያ መጠለያ አይገባም። ከሌላ ሜዳ የሚመጡ አብራሪዎች «ካፒቴኑ እንደ እህታቸው ፈሪ ሆኑ» ብለው ሲያሾፉ፣ ቁጭ አድርጎ ጁስና መርፌ ያመጣላቸዋል።

ከለውጡ ያገኘውን ጥቅም እሱ ራሱ ሲናገር ሰምቻለሁ። ድሮ ሞተሩ ባሳለ ቁጥር አብራሪውን ይጠረጥር ነበር፤ አሁን መጀመሪያ ጎማውን ይጠረጥራል። በጧት ሲያስነሣ እጁ አይደክምም፤ በአየር ላይ ሳለም ጆሮው ሞተሩ ላይ ተሰክቶ አይውልም። የልጅ ልጄ አብራው በረረች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ተቀምጬ፣ ወርዳ ትከሻዬን እስክትነካኝ አልተነሣሁም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ልጅና የልጅ ልጅ ላለው ሰው ነው። ጎማ የሚያረጀው ሳይናገር ነው፤ ሳይናገር ሳለ ቀይሩት። ሰውንም «እጅህ ድንጋይ ነው» ከማለታችሁ በፊት፣ እናንተ በእጃችሁ ያሰራችሁትን ነገር ፍቱና እዩ። ቱቦ በገበያ ይገኛል። ልጄ በመጋዘን መስኮት የፈጀው ዘመን ግን የትም አይሸጥም።

ልጄ መጣ፤ ወዲያው አይደለም፣ ፈቃድ ሲያገኝ። እያነከሰ ወደ መጠለያው ገባና በሩ አጠገብ ቆመ። እጆቹን ከኪሱ አላወጣም። ወንድሜ ያን ቀን ሆን ብሎ አንዷን ፋሸታ ሳያጠብቅ አቆይቷት ነበር። ካቻቢቴውን ዘረጋለት።

«እስቲ አጥብቅልኝ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ያጥብቋት፣ አጎቴ። እኔ ከዚህ ሆኜ ልይ።»

ወንድሜ የዘረጋውን እጅ አላጠፈም። ቆየ። «ዐይኔ አያይም፣ ጣቴ አይታዘዝም። አንተ ካልያዝክልኝ ማን ይይዝልኛል?» አለው።

ልጄ ተቀበለ። ጎንበስ ብሎ ብሎኗን ፈለጋት፤ ትንሽ አዞረ፣ ቆመ፣ ደግሞ ትንሽ አዞረ። ቱቦው እንዳይቆረጥ በሌላ እጁ ጣት እየደገፈ፣ የተኛ ሕፃን ልብስ እንደሚቆልፍ ሰው ነበር።

«በዛ?» ብሎ ሴት ልጁን ጠየቃት።

«በቃ፣ አባዬ። ልክ ነው» አለችው።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እነዚያን እጆች አየሁ። ያን ያህል ለስላሳ እጅ ነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ሲባል የኖረው።